የጸደንያ የእግር ውሃ

ጸደንያ የሞተችው ተቀምጣ ነው። ከወንበሯ ወደ ጎን ተንሸራታ ጭንቅላቷ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ሁለቱ እግሮቿ ግን የቆርቆሮ ሳፋ ውስጥ እንደተነከሩ ቀርተዋል። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ጥርት ያለ ነው። ውሃ የሚሞቅበት ጠምዛዛ የኤሌክትሪክ ብረት በውስጡ ተጋድሟል፤ ሽቦው ከሶኬቱ አልተነቀለም። አጠገቡ ክዳኑ የተከፈተ የጨው ጣሳ አለ። ያየ ሰው ሁሉ «ምስኪን! የደከመ እግሯን በሙቅ ውሃና በጨው ልትዘፈዝፍ ስትል ኤሌክትሪክ ያዛት» ብሎ ከንፈሩን መጥጦ መሄድ ነው የሚቀረው። ቀድሞ የደረሰው የሰፈሩ ፖሊስም ያለው ይህንኑ ነበር።

ኢንስፔክተር ሙሉሰው ግን ከንፈር የሚመጥ ሰው አልነበረም። ሆዱ የገፋ፣ ፊቱ የማይፈታ፣ ሃያ ዓመት በፖሊስ ቡትስ ሲንከራተት እግሩ የተበላሸ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ሙሉሰው ሬሳውን ካላናገረ ከቤቱ አይወጣም» እያሉ ያሙታል። እሱም አልዋሹብኝም ይላል።

ዘመኑ 1988 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ቦታው ንፋስ ስልክ፣ ጎፋ። ወይዘሮ አስቴር የምትባል፣ በደርግ ጊዜ ኪየቭ ተልካ ባሌት የተማረች ሴት፣ የግቢዋን ሰርቪስ ቤቶች ግድግዳ አፍርሳ አንድ ረጅም አዳራሽ አድርጋቸዋለች። በአንድ በኩል መስታወት፣ በሌላው በኩል የእንጨት መደገፊያ አለ። እዚያ ነው ልጆች በእግራቸው ጣት ጫፍ መቆም የሚማሩት። ቅዳሜ ከአውሮፓ አንድ የጭፈራ ትምህርት ቤት ሰው መጥቶ ልጆቹን ሊያይና አንዷን ብቻ መርጦ ሊወስድ ነበር። ለዚያች አንድ ቦታ የሚወዳደሩት ሁለት ናቸው ይባላል፤ ጸደንያና ሀና። አሁን ጸደንያ ሞታለች፤ ቀኑም ሐሙስ ነው።

የጸደንያ አባት አቶ አምሐ ከቢሮው በሩጫ ደርሶ፣ ልጁን አየ። አፉን ሲከፍት ያወጣው አንድ ስም ነው። «ሀናን ያዙልኝ» አለ። «ልጄን የገደለቻት እሷ ናት። ከእሷ በቀር በልጄ መሞት የሚጠቀም ማን አለ?»

ሀና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በረንዳው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። እናትዋ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከአጠገቧ ቆማ «አደጋ ነው ጌታዬ፣ አደጋ ነው፤ ልጄን አትንኩብኝ» እያለች ትለማመጣለች። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነበር። አደጋ ከሆነ ሀና ቅዳሜ ትፈተናለች። አደጋ ካልሆነ ደግሞ ሀና ወደ ፖሊስ ጣቢያ መሄዷ ነው፤ ቅዳሜም ቀረ፣ ዕድሜዋም ቀረ።

ሙሉሰው መጀመሪያ ያደረገው ጣቱን ሳፋው ውስጥ መንከር ነው። ውሃው የክረምት ዝናብ ይመስል ይቀዘቅዛል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሟቿን እግር አየ። ጣቶቹ የተጣመሙ፣ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል የጠነከረ ነው፤ ከውስጥ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ቡናማ ቀለም ተነክሯል። እንሶስላ ሞቃ ይሆናል ብሎ አሰበ። ሊነሳ ሲል በትንሿ ጣቷና በቀጣይዋ መካከል አንዲት ጥቁር የረጠበች ቅጠል ተጣብቃ አየ፤ ነቅሎ በወረቀት ጠቀለላት።

ከግቢው አጥር ማዶ ወፍጮ ቤት አለ፤ ሲያጓራ ይሰማል። ስለዚህ መብራት አልሄደም። የዚህ ቤት ፊውዝ ግን ተቃጥሏል።

አስቴርን ለማነጋገር ወደ ሳሎን ሲገባ በሩ ላይ ቆመ። ሬሳው አዳራሹ ውስጥ እያለ ሴትዮዋ ሦስት ትንንሽ ልጆች አሰልፋ ታሠራለች። ልጆቹ መሬት ላይ የተበተነ ብይ በእግር ጣታቸው እየቆነጠጡ ጣሳ ውስጥ ይጨምራሉ። ከመካከላቸው አንዷ ብይዋ አምልጧት ተንከባለለ። አስቴር ድምጿን እንኳ ሳትጨምር ጣሳዋን ገለበጠችባትና «ከመጀመሪያው» አለቻት። ልጅቷ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ጀመረች።

«ሰው ሞቶ ትምህርት አለ እንዴ?» አለ ሙሉሰው።

«የእግር ጣት ሐዘን አያውቅም» አለች አስቴር። «ዛሬ ካረፈ ነገ አይሸከምም። አንዲት ልጅ መላ ሰውነቷን በአውራ ጣቷ ላይ ልታቆም ከሆነ ጣቷ መጀመሪያ ጣት መሆኑን መርሳት አለበት።»

ስለ ሥራዋ ስትናገር ፊቷ ይበራል። ብዩን፣ በጣት ተሰብስቦ የሚጎተተውን ፎጣ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ በእግር የሚሳበውን ገመድ ሁሉ አሳየችው። ፎጣውን ከልጆቹ ጣት ሥር እሷው ራሷ ትነጥቃለች፤ የለቀቀች ልጅ ሌሎቹ ሲያርፉ ቆማ ትውላለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ያልሠራች ልጅ ጣት ላይ የሚያቆመውን ጫማ አትነካም። ሙሉሰው ወረቀቱን ፈቶ ቅጠሏን አሳያት።

«የሻይ ቅጠል ነው» አለች ሳታመነታ። «ዘበኛው ጠዋት አጥቁሮ ያፈላዋል፤ ሲቀዘቅዝ ልጆቹ ከልምምድ በኋላ እግራቸውን ይዘፈዝፉበታል። ቆዳ ያጠነክራል። ኪየቭ ከአንዲት አሮጊት መምህር የተማርኩት ነው።»

«እና ሙቅ ውሃስ? ጨውስ?»

አስቴር እንደ መሳቅ አለች። «ሙቅ ውሃ ቆዳ ያለሰልሳል፤ የለሰለሰ ቆዳ ጫማው ውስጥ ይላጣል። እዚህ ቤት እግሯን ሙቅ ውሃ ያስነካች ልጅ ዕለቱን ትባረራለች። ጸደንያ ይህን በእንቅልፏም ታውቀዋለች።»

«ታዲያ ማን ገደላት ይላሉ?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። ለልምምድ ሙዚቃ የሚያጫውተው ቴፕ ሲቆም መብራት ሄደ ብላ ዝም እንዳለች፣ ሳሎን ውስጥ ከትንንሾቹ እንዳልተለየች ነገረችው። ቀጥላም በረንዳው ላይ የተቀመጠችውን ልጅ በአገጯ እያሳየች «ሳፋውን የወሰደችላት ሀና ናት» አለች። ተማሪዋን ለገመድ ስትሰጥ ድምጿ እንኳ አልተለወጠም። ሙሉሰው በሆዱ፣ ይቺ ሴት ልጅ ወልዳ አታውቅም፣ እንኳንም አልወለደች አለ።

ሀናን ለብቻዋ አናገራት። ሳፋውን አዎ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩላት አለችው። ስታስቀምጥላት ውሃው ጥቁር እንደነበር፣ ጸደንያም እግሯን ነክራ ዓይኗን ጨፍና እንደነበር ተናገረች። ከዚያ በኋላ ብይ ስለጣለች ለቅጣት ጓዳ ገብታ ግድግዳ ይዛ ቆማለች። ያያት ሰው የለም።

«ትጠያት ነበር?»

«ቲቸር እንድጠላት ትፈልግ ነበር» አለች ልጅቷ። «ሁልጊዜ ‹አንዳችሁ ሌላዋን ካልጣለች ሁለታችሁም ትቀራላችሁ› ትለናለች። እኔ ግን አልጠላኋትም። እግሬ ሲደማ ፋሻ የምትጠቀልልልኝ እሷ ነበረች።»

ሙሉሰው ፋሻውን አየው። በፋሻው ጠርዝ የሚታየው ቆዳ ነጭ ሆኖ የተላጠ፣ ሕፃን ገላ የመሰለ ነው። ከጸደንያ እግር ጋር የአንድ ቤት ተማሪ እግር አይመስልም። ምክንያቱን ሲጠይቃት አቀረቀረች፤ ፋሻውን ጎትታ ቆዳውን ሸፈነችው።

ዘበኛው ሞልቱ የላፍቶ ሰው ነው፤ ድሮ ገብስ የዘራበት መሬት ዛሬ የሰው ሳሎን ሆኖ ያየዋል። ለወሬ አይጣደፍም፣ ካወራ ግን አይዋሽም። ቴፑ ሲቆም መብራት ሄደ አልን፣ መች አዲስ ነው አለ። ኋላ የወፍጮውን ድምፅ ሰምቶ ነገሩ የቤቱ ነው ብሎ ፊውዙን ሊያይ ሲሄድ በአዳራሹ በር ጸደንያን አያት። ማሞቂያውን ሲያይ ሶኬቱ ሞቷል ብሎ እጁን ሳፋው ውስጥ ከተተ፤ ያን ጊዜም ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ጮኸ፤ ሰው ሁሉ መጣ።

«ከውጭ የገባ አለ?»

«በሩ ላይ ነበርኩ፤ ዝንብ አልገባም። ግቢ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ እትዬ አስቴር፣ ልጆቹና የሀና እናት ነን። እሷ እንደሆነ ሁሌም እዚያች ኮባ ሥር ተቀምጣ እየሰፋች ልጇን ትጠብቃለች። ከግቢው ዕቃ አንዷ ሆናለች።» ከዚያም ጨመረ፦ «ደግ ሴት ናት። ሌላው ‹ምን ሆነች? ወደቀች ወይ?› ሲል እሷ ነጠላዋን ለሐዘን ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነው የመጣችው። በወግ ያዘነች እሷ ብቻ ናት።»

ሙሉሰው አመሰገነው።

ከዚያ ወደ ኮባው ሄደ። ፀሐይወርቅ ከእጇ መርፌ አልተለየም፤ ለጫማው ማሰሪያ የሚሆን የሐር ጥብጣብ ትሰፋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በልብስ ስፌት ነው ልጇን ያሳደገችው። ሙሉሰው ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ እግሩ ወጋውና ፊቱን አጨማደደ። ሴትዮዋ ወዲያው አየችው።

«እግርዎን ያምዎታል መሰለኝ፣ ጌታዬ።»

«ቡትስ ጨረሰኝ።»

«ማታ ማታ በሙቅ ውሃ፣ ጨው ጣል አድርገው ይዘፍዝፉት። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት የለም። እኔ ለልጄም የማደርግላት ይኸንኑ ነው። እግሯ ተልጦ ነው የምትመጣው፤ አንድ ማታ አጓድዬባት አላውቅም።»

ሙሉሰውም ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የምትሰጠው ያንኑ ነበር፤ የማን እናትስ ሌላ ታውቃለች? ቀና ብሎ ነጠላዋን አየ፤ ጥለቱ አሁንም አንገቷ ላይ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። የጸደንያ አስከሬን ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። አቶ አምሐ መስታወቱን ተደግፎ ቆሟል፤ አስቴር ቀጥ ብላ፣ ሞልቱ በሩ ላይ፣ ሀናና እናትዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው። ሙሉሰው ሞልቱን ከጓዳ የተረፈውን ጥቁር ውሃ በሳፋ አስመጥቶ መሃል ላይ አስቀመጠው።

«ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሞልቱን ጠየቀው።

«የልጆቹ የእግር ውሃ።»

«ሀና?»

«የእግር ውሃ ነው።»

«ወይዘሮ ፀሐይወርቅ?»

ሴትዮዋ ፊት ለፊት ያለ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር የተጠየቀች መስሏት ግራ ተጋባች። «እጣቢ ነዋ» አለች። «ምን ሊሆን ነው?»

ሀና ወደ እናትዋ ዞረች።

ሙሉሰው ድምፁን ሳያነሳ ማስረዳት ጀመረ። «ጸደንያ ውሃ ልታሞቅ ስትል አልሞተችም። እዚህ ቤት ሙቅ ውሃ እርም ነው፤ እሷም ታውቃለች። ደግሞ ማሞቂያው ሠርቶ ቢሆን ውሃው ቢያንስ ለብ ማለት ነበረበት። ሞልቱ እጁን ሲከት ቀዝቃዛ ነበር፤ እኔም ስነካው ቀዝቃዛ ነበር። ይህ ማለት ጥርት ያለው ውሃ ሳፋው ውስጥ የገባው ፊውዙ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ልጅቷ ከሞተች በኋላ ማለት ነው።»

አቶ አምሐ ከመስታወቱ ተላቀቀ።

«ስትሞት እግሯ በምን ውስጥ ነበር? በሻይ ውስጥ። ቅጠሉን ከጣቷ መሃል አግኝቼዋለሁ፤ የተደፋው ደግሞ ከመስኮቱ ሥር አፈሩ ላይ ነው። ገዳዩ ቀጥታ ሳፋው ውስጥ ማሞቂያውን ጣለባት። ቴፑ ሲቆም ሁሉም መብራት ሄደ ብሎ አረፈ፤ ገዳዩም በቂ ጊዜ አገኘ። ግን አንድ ነገር አስጨነቀው። ማሞቂያ ጥቁር እጣቢ ውስጥ ምን ይሠራል? ሰው እጣቢ አያሞቅም። አደጋ እንዲመስል ንጹሕ ውሃ መኖር አለበት፤ እግር የሚታጠቡበት ከሆነ ደግሞ ጨው። ስለዚህ ደፋው፤ ከአዳራሹ ጀርባ ካለው ቧንቧ ቀድቶ ሞላው፤ ጨው ጨመረበት።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ ሞልቱ በሹክሹክታ።

«አስቴር ብትሆን አትደፋውም፤ ሻይ ለምን እንደሆነ የምታስተምረው እሷ ናት። ሞልቱ አይደፋውም፤ የሚያፈላው እሱ ነው። ሀና አትደፋውም፤ ተሸክማ ያመጣችው እሷ ናት። ከእነዚህ አንዳቸው ቢሆኑ ሻዩን እንዳለ ትተው ይሄዱ ነበር። በዚህ ግቢ ያንን ውሃ እጣቢ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው። በየቀኑ እዚህ ተቀምጦ የሚውል፣ ግን አዳራሹ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ማንም ነግሮት የማያውቅ ሰው።»

ሙሉሰው ወደ ፀሐይወርቅ ሄዶ በትሕትና ቆመ።

«ሞልቱ ሲጮህ ማንም መሞቷን አላወቀም ነበር። እርስዎ ግን ነጠላዎን ለሐዘን ገልብጠው ነው የመጡት። ይፍቱልኝ።»

ከዚያ በሁለት እጇ ነጠላውን ቀስ አድርጋ ፈታችው። ከታች መሆን የነበረበት ጠርዝ አንገቷ ሥር ታጥፎ ተደብቆ ነበር፤ ሲዘረጋ ጥለቱን ይዞ ቡናማ ሆኖ ታየ። ሻይ ነጭ ጥጥ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም፤ ልብስ ሰፊዋም ይህን ታውቃለች።

ኦ እግዚኦ! አቶ አምሐ ሊወረወርባት ሲል ሞልቱ በሁለት ክንዱ ያዘው። ሴትዮዋ ግን ለማምለጥም ለመካድም አልሞከረችም። ዓይኗ ልጇ ላይ ነበር።

«አየችኝ» አለች። «ማሞቂያውንና ጨዉን ከቤቴ አምጥቼ ስገባ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ‹እትዬ፣ የኛ ውሃ አይሞቅም እኮ› አለችኝ፤ ፈገግ ብላ። እኔ ኩራት መሰለኝ። የኛ አለች፤ ልጄን ሳትጨምር መሰለኝ።» እጇን ወደ ሀና ዘረጋች። «አንድ ቦታ ነው ያለው አሉ። ሀናዬ ከጣሏት የሚቀራት መርፌ ነው፤ እንደ እኔ ዓይኗ እስኪጠፋ መርፌ። ወይዘሮ አስቴር ‹ወይ ይቺ ወይ ያቺ› አሉኝ። በአፋቸው ነው የነገሩኝ።»

ሙሉሰው ወደ አስቴር ዞረ። ሴትዮዋ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች፤ ከሁሉም ይልቅ የደከማት ይመስላል።

«ሀና ለቅዳሜ አልነበረችም» አለች።

«ምን አሉ?»

«መቼም ሆና አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቆዳዋ አልጠና አለ፤ በተነሳች ቁጥር ይላጣል። እንደዚያ ያለ እግር ጣት ላይ አይቆምም። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ማወቅም አላስፈለገኝም። እሷን ያቆየኋት ለጸደንያ ነው። ከኋላዋ የሚሮጥ ሰው የሌላት ልጅ ትሰንፋለች።»

ፀሐይወርቅ ቃሉ ወዲያው አልገባትም፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ማያውቁት ገንዘብ ስታገላብጠው ታየች። «ለምን አልነገሩኝም?» አለች በመጨረሻ።

«ብነግርሽ ልጅሽን ትወስጂያት ነበራ።»

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? የሰው ልጅ ለሌላው ሰው ልጅ ጅራፍ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል፤ ጅራፉ ያቆሰለው ደግሞ አንዷን ብቻ አይደለም። ለዚህች ሴትዮ የሚሆን የሕግ አንቀጽ ሙሉሰው በጭንቅላቱ ፈለገ፣ አጣ። ተናደደ፤ ሰደባትም፤ እሷ ግን አልሰማችውም።

ፀሐይወርቅ ግን ከአስቴር ቃል አንዱን ይዛ ቀርታለች። ቆዳዋ አልጠና አለ። የልጇን ፋሻ አየች፤ ከዚያ መሃል ላይ ያለውን ጥቁር ውሃ። በየማታው በእጇ ስታሞቀው፣ በጨው ስታጣፍጠው የኖረችው ውሃ ምን ሲያደርግ እንደኖረ ፊቷ ላይ ቀስ በቀስ ሲገባት ሁሉም አየ።

«ሀናዬ» አለች። «ሙቅ ውሃ ለእግርሽ እንደማይሆን ታውቂ ነበር?»

ሀና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ እናትዋን ፊት ለፊት አየቻት።

«ብነግርሽ ትተዪው ነበር» አለች። «እማ፣ እግሬን ስታጥቢኝ ብቻ ነው ስለ ቅዳሜ የማታወሪኝ።»

ኢንስፔክተር ሙሉሰው የፀሐይወርቅን ክንድ ይዞ ሲያስነሳት ሀናም አብራት ተነሳች፤ እያነከሰች እስከ ግቢው በር ድረስ ተከተለቻት።